ሌባው ያስፈራራል፣ እኛ እንስቃለን

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ቢትኮይን የሚሉት ገንዘብ በየትኛው ባንክ ነው የሚገኘው?»

አጎቴ ይህን የጠየቁኝ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና እንደተቀዳ ነው። አጎቴ 75 ዓመታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ናቸው፤ በያዙት መዝገብ አንዲት ሳንቲም ጎድላ አታውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ቢትኮይን ሲጠይቅ ሳቅ ይመጣል፤ እኔም ሳቅሁ። «ጋሼ፣ በስተርጅና ንግድ ሊጀምሩ ነው እንዴ?» አልኋቸው። እሳቸው አልሳቁም። ሲኒውን አስቀመጡ፣ ወደ ጓዳው በር ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስከ ነገ ማታ ካልከፈልሁ ስሜ ጠፋ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ምሽት በኢሜይላቸው አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ደረሳቸው። የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር የአጎቴ የምስጢር ቃል፣ በተለምዶ ፓስወርድ የምንለው ነው። ቃሉ የሟች ባለቤታቸው የቤት ስምና የተጋቡበት ዓመት ተቀጣጥለው የተሠራ ነው። ከዚያ በታች ጸሐፊው እንዲህ ይላል፦ ኮምፒዩተርህ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ለወራት ስከታተልህ ቆይቻለሁ፤ ነውረኛ ፊልም ስታይ በገዛ ካሜራህ ቀርጬሃለሁ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ 1,400 ዶላር በቢትኮይን ካልላክህ ቅጂውን ለዘመድ ወዳጆችህ ሁሉ እበትነዋለሁ።

የአጎቴን ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ መሳቁ አይቀርም። ልጃቸው አሜሪካ ሲሄድ ገዝቶላቸው የሄደ፣ ዛሬም ዳንቴል ለብሶ ሳሎኑ ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ዕቃ ነው። ካሜራ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። ይህንኑ ስነግራቸው «እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉኝ። «ግን የእናንተን ዘመን ዕቃ ማን ያምነዋል? ምናልባት መስታወቱ ራሱ ያይ እንደሆነስ?» ደብዳቤውን ዳግመኛ ላለመክፈት ሲሉ በደብተር ገልብጠውታል። የሰዋስው ስህተቶቹንም በቀይ እስክሪብቶ አስምረውባቸዋል። እንግሊዝኛውን አርመዋል፤ ዛቻውን ግን አምነዋል። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር ነግቷል።

ወሬው በሳምንቱ ውስጥ ዘመድ አዝማዱን አዳረሰ። እንዴት እንደተዳረሰ በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ላነሣ የምፈልገው ዘመዶቻችን የሰጡትን ፍርድ ነው፤ በሌላውም ቤት የሚሰጠው ፍርድ ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝምና አንባቢ ይመዝነው። አንደኛው ወገን «ንጹሕ ከሆኑ ምን አስፈራቸው?» አለ። ሁለተኛው «በዚህ ዕድሜ ኢንተርኔት ምን ያደርግላቸዋል? ይዘጋላቸው» አለ። ሦስተኛው ወገን ሳቀ።

ለሦስቱም መልስ አለኝ።

* * *

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚለው አነጋገር ከሁሉም ይልቅ አንጀት ያሳርራል። ይህን የሚል ሰው ማንም ሳይሾመው ከዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የተደበደበውን ሰው «ምን አድርገህ ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ መንገደኛ ነው። ለመሆኑ የሐሰት ክስ የሚያስፈራው ማንን ነው? ስም የሌለው ሰውማ ስሙ ቢጠፋ ምን ይጎድልበታል? የአንድ ሽማግሌ ቤት የኪራይ ሊሆን ይችላል፤ ጡረታውም ለወር አስቤዛ አይበቃ ይሆናል። የተጣላ የሚያስታርቀው፣ ለልጅ ጋብቻ ሽምግልና የሚላከው፣ የሰው ገንዘብ በአደራ የሚቀመጥበት በስሙ ነው። ስሙን ለማፍራት ስድሳ ሰባ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ቢጠፋበት እንደገና የሚያፈራበት ዕድሜ የለውም። ሌባው የ1,400 ዶላር ዋጋ የለጠፈበት ንብረት ይህ ነው።

ደግሞስ አጎቴ የየትኛው ዘመን ሰው ናቸው? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በከተማው ሲፋፋም የሃያ ስድስት፣ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት መምህር ነበሩ። ያን ዘመን ያየ ሰው «ስንከታተልህ ቆይተናል» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። ስም የሌለው ጥቆማ ሰው ያስወስድ ነበር። ከቀበሌ «ትፈለጋለህ» የተባለ ሰው ወደ ቤቱ ለመመለሱ ንጽሕናው ዋስ አልነበረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ደብዳቤውን የላከው ሰው ስለ ቀበሌም ስለ ቀይ ሽብርም የሰማው ነገር የለም፤ ሳያውቅ ነው ያንን ቁስል የነካው። እኛ ግን ታሪኩን ከእነሱው አፍ እየሰማን ያደግን ልጆቻቸው ነን። እያወቅን «ምን አስፈራቸው?» ማለታችን ከድንቁርና በምን ይሻላል?

* * *

እስቲ ይህ «ስከታተልህ ቆይቻለሁ» ባይ በውነቱ ምን እንደሚሠራ እንይ።

የተቀባዩን ትክክለኛ ፓስወርድ ከራስጌው እያስቀደመ የሚያስፈራራ ደብዳቤ በብዛት መሰራጨት የጀመረው በጁላይ 2018 እ.ኤ.አ. ግድም ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በኦክቶበር 2019 እ.ኤ.አ.፣ ቼክ ፖይንት የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ አንድ ምርመራ አወጣ። ፎርፒየክስ የሚባል የተጠለፉ ኮምፒዩተሮች መረብ ይህን መሰሉን የዛቻ ደብዳቤ በሰዓት እስከ 30,000 ይልክ ነበር። አንዱ ዘመቻ ብቻውን እስከ 27 ሚሊዮን ሰው ሊደርስ ይችል ነበር። ልብ በሉ! «አንተን ሳይህ ከረምሁ» ያለው ማሽን ያንኑ ቃል በዚያው ሰዓት ለሌላ 29,999 ሰው ብሏል። ማንንም አላየም። ከሠላሳ ሺው አንዱ ደንግጦ ቢከፍል ትርፍ ነው።

«ፓስወርዱንስ ከየት አገኘው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አጎቴንም ያንበረከካቸው ይኸው ነበር። መልሱ ግን ቀላል ነው። ታላላቅ ድረ ገጾች ይዘረፋሉ። ሊንክድኢን በ2012 እ.ኤ.አ. ተዘርፎ በ2016 ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ደንበኞቹ መረጃ ለገበያ ቀርቧል። ያሁ በ2013 በደረሰበት ዘረፋ ሦስት ቢሊዮን አካውንቶቹ በሙሉ እንደተነኩ በ2017 ታውቋል። የአጎቴ ፓስወርድ ያፈተለከው ከሁለቱም አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተመዝግበው ከረሱት፣ ስሙን ከማልጠራው ሌላ ድረ ገጽ ነው። እንዲህ የተዘረፈ ዝርዝር በርካሽ ይቸበቸባል፣ አንዳንዴም በነጻ ይታደላል። ማሽኑ ከኢሜይል አድራሻው ጎን የተጻፈውን ቃል አንሥቶ ከደብዳቤው አናት ላይ ይለጥፋል። ለአጎቴ የሚስታቸው ስም የሆነው፣ ለማሽኑ ከመዝገብ የተቀዳ ፊደልና ቁጥር ነበር።

ሌላም ማወናበጃ አለው። አንዳንዱ ደብዳቤ ከራስዎ አድራሻ የተላከ መስሎ ይመጣል። ይህም ድንቅ ጥበብ አይደለም። ፖስታ ቤት የሚሄድ ሰው ከፖስታው ጀርባ የላኪ ስም አድርጎ የፈለገውን ቢጽፍ ማን ይከለክለዋል? በዲሴምበር 2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ «ሕንጻህ ውስጥ ቦምብ ተቀብሯል፤ 20,000 ዶላር በቢትኮይን ክፈል» የሚል ደብዳቤ ተበትኖ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ሰው አስወጥተው ተፈተሹ። ቦምብ አልነበረም። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተቀባዩ ቤት ፎቶግራፍ ከጉግል ካርታ እየተወሰደ ይለጠፍ ጀመር። ማስፈራሪያው ልብሱን ይቀያይራል እንጂ ውስጡ አንድ ነው፦ ጊዜ የለህም፣ ለማንም አትንገር፣ ክፈል።

* * *

ወደ ሁለተኛው ፍርድ ልለፍ። «ይዘጋላቸው» ያለው፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከቨርጂኒያ የደወለው የገዛ ልጃቸው ነው። እንዴት ነው ነገሩ? ኢንተርኔቱን ማን አስገባላቸው? የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶግራፍ የሚያዩት በዚያው ነው። እኛም አገር ቤት ያለነው ብንሆን ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ «ጋሼ፣ በስልክዎ ይክፈሉ፤ ሰልፍ ምን ያደርግልዎታል?» እያልን ስንገፋቸው ነበር። ገፍተን ካስገባናቸው ገበያ ውስጥ ሌባ ሲያገኛቸው «ማን ግቡ አላችሁ?» ማለት ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? ኪስ አውላቂ አለ ተብሎ ሽማግሌ መርካቶ አይሂድ አይባልም፤ አብሮት የሚሄድ ልጅ ይመደብለታል እንጂ።

ይህ የእኛ ሰዎች አላዋቂነት ነው የሚል ካለም ወደ አሜሪካ ይመልከት። ኢንተርኔት በተፈለሰፈበት አገር በ2024 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ147,000 በላይ አቤቱታዎች ለኤፍ.ቢ.አይ. የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል አቅርበዋል። በልዩ ልዩ ማታለልና ማስፈራራት፣ በኢሜይል ዛቻ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ተደምሮ፣ አጥተናል ያሉት ገንዘብ 4.9 ቢሊዮን ዶላር ግድም ነው። ይህም ደፍረው ካመለከቱት ብቻ ነው። ከእነዚህ መካከል ዶክተርም መሐንዲስም ሞልቷል። የእኛም እናቶችና አባቶች በዚያው አገር አሉ፤ ልጆቻቸው ሁለት ሥራ ሲሮጡ እነሱ የልጅ ልጅ ይዘው ቤት ይውላሉ። አስፈሪ መልእክት ሲደርሳቸው ዘወር ብለው የሚያማክሩት ጎረቤት እንኳ የላቸውም።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። ከአጎቴ የሥጋ ዘመዶች መካከል አራቱ እንጀራቸውን የሚበሉት በኮምፒዩተር ሥራ ነው። አንዳችንም ከእሳቸው ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም ነበር። ጅብ ከሄደ በኋላ ግን ሁላችንም ጮኽን።

* * *

ሦስተኛው ወገን፣ የሳቀው፣ እኔን ይጨምራል። እንዲያውም መሪው እኔ ነኝ።

የአጎቴን ኢሜይል የከፈትሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ በ1998 ዓ.ም. ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ። በደቂቃ የሚከፈልበት ስለነበረ አቻኮልኋቸው። «የማይረሱትን ነገር ይንገሩኝ» ብላቸው ትንሽ አሰቡና የባለቤታቸውን የቤት ስም ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጻፍሁት። «እንዳይቀይሩት፤ ይረሱታል» ብዬ አስጠነቀቅኋቸው። እሳቸውም እንደ ጥሩ ተማሪ ቃሌን ጠብቀው ሃያ ዓመት ያህል አልቀየሩትም። በተመዘገቡበት ድረ ገጽ ሁሉ ያንኑ ተጠቀሙ። በር ከፍቼ ቁልፉን ምንጣፍ ስር ያስቀመጥሁት እንግዲህ እኔ ነኝ።

ይህም አልበቃኝም። ያን እሑድ አረጋግቻቸው ከወጣሁ በኋላ ወሬውን ለአንድ የአክስቴ ልጅ ነገርሁ። በማግስቱ ለሌላ ነገርሁ። በሳምንቱ አንድ ክርስትና ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ጠላ ሲጠጣ፣ የአጎቴን ድምፅ አስመስዬ «መስታወቱ ራሱ ያይ እንደሆነስ?» አልሁ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ክፋት አላሰብሁም፤ ጨዋታ ነበር።

በሚቀጥለው የእድሩ ስብሰባ አጎቴ አልተገኙም። መዝገቡን በሰው ልከው «ዓይኔ ደክሟል፤ ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ» አሉ። ዓይናቸው አልደከመም። ወሬው ዞሮ ዞሮ ከጆሯቸው ደርሶ ነው። የሰሙትም እኔ እንዳወራሁት አልነበረም፤ አፍ ለአፍ ሲሄድ ሌላ መልክ ይዞ፣ አጎቴ በእርግጥ አንድ ነገር ሲያዩ የተያዙ ያህል ሆኖ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሌባው ምን ነበር ያለው? «1,400 ዶላር ካልከፈልህ ለዘመድ ወዳጆችህ እበትነዋለሁ» ነው ያለው። እሱ የሚበትነው ነገር አልነበረውም። እኔ በነጻ በተንሁለት።

* * *

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሌባ ዋና መሣሪያ ኮምፒዩተር አይደለም፤ ሽማግሌው ለእኛ ለመናገር ማፈሩ ነው። ያንን እፍረት የምንመግበው ደግሞ እኛ ነን፤ በቁጣችን፣ በ«አላልኩዎትም?»ችን፣ በሳቃችን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አጎቴ የቢትኮይኑን ባንክ ከእኔ ፋንታ ሌላ ሰው ጠይቀው ቢሆን ኖሮስ? ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በእንዲህ ያለ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። በጓሮ በኩል «እኔ ልግዛልዎት» የሚል ጮሌ ግን አይጠፋም። በአንድ ደብዳቤ ሁለት ሌባ ባተረፈ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት ተቀምጦ መነጋገር ይቅደም። «እንዲህ የሚል ደብዳቤ አንድ ቀን ይመጣብዎታል፤ ለሚሊዮኖች ይላካል፤ ፓስወርድዎንም ይጠራል፤ ውሸት ነው» ብሎ በአማርኛ፣ በእርጋታ ማስረዳት። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ደብዳቤው ሲመጣ ይስቃል እንጂ አይደነግጥም። ከሁሉም በላይ ግን «ችኩል፣ ለማንም አትንገር» የሚል መልእክት ከማንም ቢመጣ የሌባ ምልክት መሆኑን ይወቁ።

ደብዳቤው ከመጣስ? አለመክፈል፤ መልስ አለመስጠት፤ አብሮት የተያያዘ ነገር ወይም የሚያስገባ አድራሻ ካለ አለመንካት። ያ ፓስወርድ በሥራ ላይ ያለበትን ቦታ ሁሉ መቀየር፤ ለየቦታውም የተለያየ ማድረግ፤ በስልክ የሚመጣ ተጨማሪ ማረጋገጫ ማስገባት። ትሮይ ሀንት የተባለ አውስትራሊያዊ ባለሙያ በ2013 እ.ኤ.አ. የከፈተው «ሀቭ አይ ቢን ፖውንድ» የተባለ ድረ ገጽ አለ፤ የኢሜይል አድራሻ ሲሰጡት ከየትኛው ዘረፋ እንዳፈተለከ በነጻ ይናገራል። የአጎቴን ያገኘሁት በዚያ ነው። ካሜራ ላለው ኮምፒዩተር ደግሞ ቁራጭ ወረቀት መለጠፍ በቂ ነው።

ዛቻው እውነተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ አስፈራሪው የሚታወቅ ሰው ከሆነ ወይም በእርግጥ ፎቶግራፍ ከያዘ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን መክፈል ሁለተኛውን ጥያቄ መጋበዝ ነው። መልእክቱን ሳያጠፉ ይዞ ወደ ፖሊስ መሄድ ይገባል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ማስፈራራትን በወንጀል ያስቀጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሽማግሌው ሲነግሩን ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል ነው። «እንኳን ነገሩኝ» ይሁን። ሁለተኛውም ቃል «በእኛው መካከል ይቀራል» ይሁን፤ ደግሞም ይቅር።

እኔ አጎቴን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ወዲያው አልተመለሱልኝም። ከሁለት ወር በኋላ ግን ወደ እድሩ ተመለሱ፤ ያንንም ደብተር ይዘው ሄዱ። በስብሰባው መጨረሻ ተነሥተው ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡት፤ የሰዋስው ስህተቶቹንም አልማሩለትም። ሰው ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ እሳቸው የፈቀዱት ነበር።

ከስብሰባው በኋላ አንድ ሽማግሌ አጎቴን ለብቻቸው ጠርተው ረጅም ሰዓት አጫወቷቸው። ምን እንዳሏቸው አጎቴ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም።